ተክሉ እስኪይዝ ድረስ

እናቴ ከሌሞ ገጠር ወደ ሆሳዕና የመጣችው በጥር ወር በጋሪ ነው። ጉልበቷን ያማታል። በአንድ እጇ ምርኩዟን፣ በሌላው በደረቅ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ነበር። ቆጮ መስሎኝ ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

"የሚበላ አይደለም፣ ዛፍ ላይ ያለው ነው" አለችኝ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በቤታችን ጓሮ ያረጀ ትልቅ ወይራ ነበር። ከቅርንጫፎቹ በአንዱ ላይ ወፍራም ቅጠል ያለው ትንሽ ተክል ተጣብቆ ይኖር ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ረጅም ቀጭን ጭራ ያለው ነጭ አበባ ያወጣል። ቀን ምንም አይሸትም፤ ከብቶቹ ሲገቡ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ግን ሽታው እስከ በራችን ይመጣ ነበር። ስም የለውም። እናቴ ሁልጊዜም "ዛፍ ላይ ያለው" ነው የምትለው። በዚያ ጥር ወንድሜ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ሊሠራ ወይራውን ቆረጠው። እሷም በወደቁት ቅርንጫፎች መሐል ገብታ ፈልጋ፣ ተክሉን በቢላ ፈልቅቃ ይዛው መጣች።

እኔና እናቴ የምናወራው በሀዲይኛ ነው። እዚህ በአማርኛ ስጽፈው ንግግሯ ለስለስ ብሎብኛል፤ እሷ ስትናገረው እንዲህ አይለሰልስም።

እንድትመጣ የለመንኳት እኔ ነኝ። መናኸሪያው አካባቢ ባለ ፔንሲዮን አልጋ አነጥፋለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ፤ የምኖረው በተከራየኋት አንድ ክፍል ነው። በእኛ አገር ጠዋት ጠዋት እበቱን ከበረት በቅርጫት ተሸክሞ እንሰቱን የሚመግብ ሴት ነው። እናቴ ይህን ሥራ የጀመረችው ሙሽራ ሳለች ነው፤ ጉልበቷ ካበጠ በኋላም አልተወችውም። ባለፈው ክረምት ቅርጫቱን እንደያዘች ቁልቁለቱ ላይ ወደቀች። ወንድሜም ሚስቱም ተይ ቢሏት አትሰማም። እዚያ እስካለች ድረስ ትሸከማለች። ሌላ ጊዜ ከወደቀች የምትነሳ አልመስል ብሎኝ ነበር።

የመጣች ዕለት ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ነገሩን ቁርጥ አደረገችው።

"እዚህ የምቀመጠው ይኼ እስኪይዝ ድረስ ነው። ከያዘ ለአንቺ ትቼልሽ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ከሞተም እሄዳለሁ፤ ምን ልጠብቅ?"

በሁለቱም በኩል መሄዷ ነው። እኔ ጋ የምትቆየው በመካከሉ ባለው ጊዜ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ተክሉ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ተተክሏል። አፈሩን ከግቢው ጥግ ቆፍራ ነው ያመጣችው። ፍግ ግን ከየት ይምጣ? በግቢያችን ከብት የለም። ብዙም ሳይቆይ አወቅሁት። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ እናቴ በምርኩዝ እያነከሰች፣ ፌስታል ይዛ ከጋሪ ኋላ ስትሄድ አየኋት። ፈረሱ ሲጥል ጎንበስ ብላ ታነሳለች። ባለጋሪው ዞር ብሎ አያት።

"እማማ፣ ፈረሱንም ልጨምርልዎት?" አላት።

"ፈረሱ ይበላል፤ የበላው ይበቃኛል" አለችው በተሰባበረ አማርኛዋ።

መንገዱ ዳር የቆሙት ሊስትሮዎች ሳቁ። እኔ ሱቅ ጥግ ተከልዬ እስኪያልፉ ጠበቅሁ። ማፈሬ በእሷ ይሁን በራሴ ለይቼ አላውቀውም።

እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ፋንድያውን ታደርግለታለች፣ ውሃ ታጠጣዋለች፣ አፈሩን በመዳፏ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። እንሰት እንዲህ ሲደረግለት አመስጋኝ ነው፤ የተመገበ እንሰት ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ባለቤቲቱ ጎበዝ መሆኗ የሚታወቀው በእሱ ነው። እናቴ በሕይወቷ የምታውቀው ተክል ሁሉ የሚኖረው በሴት ጀርባ ነው። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ጀሪካኑን ወደ ውጭ አወጣችው፤ ውሃው በላዩ ተኛ። ቅጠሎቹ ለሰለሱ፣ ከታች በኩል አንዱ ቢጫ ሆኖ ወደቀ። እሷም የራበው መስሏት ፋንድያውን ጨመረችለት።

መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ሰው አለ። ፔንሲዮኑ ስሄድ በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ፤ አንድም ቀን ሰላም ብዬው አላውቅም። የወደቀውን ቅጠል በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ለብዙ ቀን አለፍኩ ተመለስኩ። በመጨረሻ ራሱ ጠራኝ። ቅጠሉን ሳሳየው አገላብጦ አየውና "ከዛፍ ላይ ነው የመጣው? ኦርኪድ ነው። ከፈረንጅ አገር የሚመጣውን ሰው በውድ ይገዛና ይሞትበታል" አለኝ።

"ምን ይደረግለት?"

"ውሃ አታብዢበት። ፀሐይ አታሳዪው። ብርድ አታስነኪው።"

ሌላ ደንበኛ መጣበት። የነገረኝ የማይደረገውን ነው። የሚደረገውን ልጠይቀው ብዬ ትንሽ ቆምኩ፤ እሱ ወደ እኔ ዞር ሲል ግን አመስግኜ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ እናቴን ፈርቼ ስላልነገርኳት፣ ገበያ ስትሄድ ጠብቄ ተክሉን ነቀልኩት። ሥሮቹ ድሮ ነጭና ወፍራም ነበሩ። አሁን ቡናማ ሆነዋል፤ ስነካቸው ሥጋቸው በጣቴ መሐል ሙልጭ ብሎ ወጣና ክር የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ። ደህና ሆኖ የተገኘው ከአፈሩ በላይ የቀረ ጥቂት ሥር ነው። የበሰበሰውን ቆርጬ ጥዬ ተክሉን በባዶ ሳህን ላይ አድርጌ ከአልጋው ኋላ ጥግ አስቀመጥኩት። እዚያ ፀሐይ የለም፣ ብርድ የለም፣ ውሃም የለም። እናቴ ተመልሳ ጀሪካኑን ባዶ አየችው። እንጀራ ስሰጣት "ጠግቤያለሁ" አለች፤ ይኸው ነው።

ከአልጋ ኋላ የሰነበተ ተክል ምን ይሆናል? ቅጠሉ እንደ ተጣለ ጨርቅ ተኮማተረ። አሁን ደግሞ ብርሃን ነው ያጣው ብዬ አውጥቼ በሽቦ አሰርኩና የቆርቆሮው አጥር ላይ ሰቀልኩት። ያ ቀን ሙሉ ጠራራ ነበር። ማታ ስመለስ ከቆርቆሮው ጋር የተነካካው ቅጠል ነጥቶ፣ መሐሉ ጠቁሮ፣ እንደ ተተኮሰ ናይለን ተጨማዷል። ቆርቆሮውን በእጄ ስነካው ፀሐይ ከገባች በኋላም ይሞቅ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

"እኔ በውሃ፣ አንቺ በእሳት" አለች። "አሁን መሞቱ ነው። ለወንድምሽ ደውዪለትና ይምጣ።"

ፋሲካ ቀርቦ ነበር። በዓሉን አገር ቤት እንዋል፣ ከዚያ እንነጋገራለን አልኳት። እሺ ያለችኝ እቃዋን ጠቅልላ ነው። ተክሉን ከአጥሩ አውርጄ ክፍሉ ውስጥ ተውኩት።

አገር ቤት በበዓሉ ማግስት ከወይራው የተረፉትን ቅርንጫፎች ክምር ሄጄ አየሁ። እዚያው የደረቁ የተክላችን ዘመዶች ነበሩበት። ከዚያ ወዲያ ጉብታው ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ፣ ሌላ ያልተቆረጠ ወይራ አለ። ሥሩ ቁጭ ብዬ ወደ ላይ አንጋጥጬ ቀኑን ዋልኩ። ከጸሎት የሚወጡ ሰዎች እየቆሙ "ምን ጠፋብሽ?" ይሉኛል። አንድ ሽማግሌ "ወፍ ነው የምታዪው?" ሲሉኝ፣ ማስረዳቱ ስለከበደኝ "አዎ አባባ" አልኳቸው። እሳቸውም አብረውኝ ትንሽ አንጋጠጡ፤ ወፍ ሲያጡ ሄዱ።

ያየሁት ይህ ነው። ተክሎቹ ሥራቸውን ባዶ ልጥ ላይ ዘርግተዋል፤ አፈር የሚባል አጠገባቸው የለም። ከላይ ጫፍ ላይ፣ ለፀሐይ የተጋለጡት ቢጫና አጫጭር ናቸው። ከግንዱ ሥር፣ ጨለማው ውስጥ ያሉት ቀጥነው ረዝመዋል። ያማረባቸው መካከል ላይ ያሉት ናቸው፤ የጠዋት ፀሐይ ያገኛቸዋል፣ ቀትር ላይ የቅጠሉ ጥላ በላያቸው ይመላለሳል፣ ነፋስም አይለያቸውም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተመልሼ ሄድኩ። ጭጋግ ነበር። ትናንት ቀትር ላይ እንደ አመድ የነጡት ሥሮች አረንጓዴ ሆነዋል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ደግሞ ቀስ በቀስ ነጡ። ያኔ ገባኝ፤ ሥሩ ሲጠማ ነጭ ነው፣ ሲጠጣ አረንጓዴ ነው። ጠጥቶ ደግሞ መድረቅ አለበት። እኛ ጠጥቶ እንዲደርቅ አንድም ቀን አልፈቀድንለትም።

ከክምሩ ላይ ልጡ ያልተላጠ፣ ክንድ የሚያህል የወይራ ቁራጭ አነሳሁ። ለእናቴ ግን እንዴት ልንገራት? እናትን "መግበሽ ገደልሽው" አይሉም። እሷ እንሰቱ መሐል ቆማ፣ እሷ ከሄደች ወዲህ የወንድሜ ሚስት እበት ያሳነሰችበትን እንሰት በዓይኗ ትመዝን ነበር። አጠገቧ ቆሜ ያየሁትን ብቻ ነገርኳት፤ ልጡን፣ ጭጋጉን፣ የሥሩን መንጣት።

"አፈር ከሌለ ምን ይበላል ታዲያ?"

"ነፋስ የሚያመጣውን። ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን።"

አንድ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ገነጠለችና በጣቶቿ ሰነጣጠቀችው።

"ሳይመግቡት የሚኖር ነገር ለሰው ምን ሥራ ይሰጣል?" አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ እሷ ሳስብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይኸው ጥያቄ ነው። እኔም እናቴን ሆሳዕና ካመጣኋት ጀምሮ ውሃ እንዳትቀዳ፣ እንዳታጥብ፣ እንዳትጠርግ ከልክያት ነበር። ከሥራ እስክመለስ በር ላይ ተቀምጣ መንገድ ታያለች። የነገርኳት ሁሉ የማይደረገውን ነበር፤ ልክ እንደ ችግኝ ሻጩ።

ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለን ሳንነጋገር፣ በመመለሻዬ ጠዋት እናቴ እቃዋን ይዛ ከጋሪው አጠገብ ቆማ አገኘኋት። "ገና አልሞተም አይደል" አለችኝ፤ ያ ብቻ ነበር ምክንያቷ።

ሆሳዕና እንደደረስን ተክሉን የወይራው ቁራጭ ላይ በቃጫ አሰርነው። ቃጫውን የፋቀችው እናቴ ናት፤ የእንሰት ክር አያያዝ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አጥብቃ ሳታንቀው፣ አላልታ ሳትለቀው አሰረችው። የቀረው ቦታ ነው። የጠዋት ፀሐይ፣ የቀትር ጥላና ነፋስ ያለበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከአጥራችን ወዲያ ያለው የጎረቤታችን የአቮካዶ ዛፍ። የዛፉ ባለቤት ከከምባታ፣ ከዱራሜ የመጡ፣ ልጆቻቸው ያገቡላቸው አሮጊት ናቸው። እዚህ ከተከራየሁ ጀምሮ ሰላምታችን በአንገት ነበር። ያን ሰሞን ከሥራ መልስ በራቸው ድረስ እየሄድኩ ሳላንኳኳ እመለሳለሁ። አንድ ቀን በሩ በራሱ ተከፈተ።

"አንቺ ልጅ፣ በሬ ላይ እንዲህ የምትመላለሺው ልትሰርቂኝ ነው ወይስ ልትድሪኝ?" አሉኝ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። "ዛፍዎት ላይ ዛፍ ልንሰቅል ነበር" አልኳቸው።

ሳቁ። ከኋላዬ እናቴ ምርኩዟን እየተመረኮዘች፣ ወይራውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ደርሳለች። ሴትዮዋ ተክሉንም እሷንም አዩ።

"በፌስታል ፋንድያ የምትለቅሚው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"የሀዲያ ሴት እንሰት ትመግባለች ሲሉ ሰምቻለሁ። የዛፍ ላዩንም ትመግባለች?"

"የከምባታ ሴትስ? አቮካዶዋ አጥር አልፎ ሲወድቅ መጥታ ታነሳለች አሉ።"

"የኔ አቮካዶ ነዋ።"

"የወደቀውስ በኛ ግቢ ነዋ።"

ሁለቱም አማርኛውን በየራሳቸው ቋንቋ እያስሄዱ ነው የሚናገሩት። መሐል ላይ ቆሜ የተጣሉ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሴትዮዋ ግን በርጩማ አምጥተው ለእናቴ አስቀመጡ፤ ለኔ መሰላል አሳዩኝ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ሥራ አገኘች። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ በጆግ ውሃ ይዛ ወደ ጎረቤት ትሻገራለች። ሥሩን ታያለች። ነጭ ከሆነ በእጇ ትረጫለች፤ አረንጓዴ ከሆነ ውሃውን ለሴትዮዋ ጎመን ታፈሳለች። ማታ አትነካውም፤ ውሃ ይዞ ያደረ ሥር የሆሳዕና ብርድ ሲያገኘው እንደሚጎዳ ሁለቱ ተከራክረው ወስነዋል። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ቅጠሎቹ መሐል፣ እምብርቱ ላይ እንዳይተኛ ቁራጩን አዘንብለን አሰርነው፤ ያን ወራት ሥራዋ እያዩ አለመንካት ብቻ ነበር። ይህ ከመሸከም በላይ ከብዷታል። እጇን ከነጠላዋ ሥር አጣምራ ትቆማለች። በታኅሣሥ፣ ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የደረቀ የእንሰት ቅጠል አንጠለጠለች፤ ቀትር ላይ ደግሞ እንዲሞቀው ታነሳዋለች። ሴትዮዋ "እኔንም እንዲህ ብትሸፍኚኝ" ይሏታል። "አንቺ ስብ አለሽ" ትላቸዋለች።

ጉልበቷ አልዳነም፤ እብጠቱ ግን ቀነሰ። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ተቀምጣ የማገኛት ቀን እየጠፋ ሄደ። እኔም ከአጥሩ ወዲያ ድምጿን ስሰማ ሳልጠራት ልብስ አጥባለሁ።

አዲስ ሥር ሲወጣ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ጫፉ አረንጓዴ፣ የክብሪት ራስ የሚያህል። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ከያዘ እሄዳለሁ ብላለች። ምንም ሳልናገር ቀረሁ። እሷም ጠዋት ጠዋት አፍንጫዋ እስኪነካው ቀርባ እያየችው ምንም አላለችም። ሥሩ በወይራው ልጥ ላይ ተሳበ። ሌላም ወጣ። በሁለተኛው ክረምት አንዱ ሥር ከወይራው ቁራጭ ወጥቶ፣ አልፎ፣ አቮካዶው ግንድ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ተጣበቀ። ቃጫው በስብሶ ወድቆ ነበር፤ ተክሉ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

ከመስቀል በኋላ ወንድሜ መጣ። አዲሱ ቤት አልቋል፤ ለእሷ መስኮት ያለው ክፍል አውጥቶላታል። በግ የሚያህል የሙዝ ዘለላ ይዞ ነበር። አቮካዶው ሥር ከሁለቱ ሴቶች ጋር ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ጊዜው መሸት ብሎ ነበር፤ ተክሉ በዚያ ሰሞን ጭራ ያላቸው ነጫጭ አበቦቹን አውጥቶ ነበር።

"እማዬ፣ ልወስድሽ ነው የመጣሁት" አላት። "እንሰቱም ቢጫ ሆኗል።"

"ሚስትህ ትመግበው። ጠዋት ነው የሚመገበው፣ ቀትር ላይ አይደለም፤ ንገራት።"

"እስኪይዝ ድረስ ብለሽ አልነበር? ይኸው ይዟል።"

እናቴ ወደ ተክሉ ቀና አለች። አቮካዶው ላይ የተለጠፈውን ሥር አየችው፤ ማየቷን እኔም አይቻለሁ።

"ገና አልያዘም" አለች።

"አብቦ የለም እንዴ?"

"የተቆረጠ ቅርንጫፍም ያብባል።"

ወንድሜ ሊነካው እጁን ሲዘረጋ የዱራሜዋ ሴትዮ የእናቴን ምርኩዝ አንስተው እጁን መለስ አደረጉት።

"አትንካው ልጄ። ገና ነው" አሉት። ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል አልነበረም።

ሽታው መምጣት ጀመረ። ወንድሜ ትንሽ አሸተተ፤ ልጅ ሆነን ከብት ስናስገባ የምናውቀው ነው። ሙዙን ከሁለቱ ሴቶች ፊት አስቀመጠና ተነሳ። እስከ መንገዱ ሸኘሁት። ባጃጅ እየጠበቅን ሳለን ወደ እኔ ዞረ።

"እስኪይዝ ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"ቀስ ያለ ነው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ባጃጁ መጣ፤ ከመግባቱ በፊት ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። በደረቅ ቅጠል የተጠቀለለ አዲስ የተፋቀ ቃጫ ነበር፣ እናቴ ስትመጣ ተክሉን በጠቀለለችበት ዓይነት ቅጠል። "ማሰሪያ ካስፈለጋችሁ" አለኝ። ስመለስ ሁለቱ ሴቶች በሙዙ አከፋፈል እየተጨቃጨቁ ነበር። ቃጫውን በሩ ኋላ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት፤ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።